ሠላሳ ከመቶ

ከሱፒሪየር ሀይቅ ዳር፣ ግሬይ ኮቭ በምትባል ከተማ፣
ከዳቦ ቤቱ በላይ፣ ባለ አንድ አምፖል ጨለማ፣
ቬርና ሳሎ አለች፤ ሃያ ስድስት ዓመት
ነገን የምትናገር፣ ዛሬ ላይ ተቀምጣ፣ በለዘበ አንደበት።

የገና ሰሞን ሲደርስ ስልኩ እረፍት የለውም፤
ከተማው ትንሽ ነው፣ ግን አንድ ዓይነት ሰማይ አይበቃውም።
ሙሽራዋ ፀሐይ ትላለች፣ ለፎቶ፤
ሕፃኗ ጆሲ በረዶ፣ እስከ ጉልበት ወጥቶ፤
ዴልማር፣ የመጥረጊያ መኪናው ሹፌር፣ አንድ ሌሊት ተኝቶ
ከሚስቱ ጋር ቁርስ ሊበላ፣ የማንቂያው ደወል ጠፍቶ።
ቬርና ለሁሉም አንድ መልስ ነው ያላት፦
«ሠላሳ ከመቶ።»

ሠላሳ ከመቶ በረዶ ምንድን ነው?
በአካፋ ይዛቃል? በሰሃን ይቀርባል?
ሰባው ሰማይ ቀርቶ፣ ሠላሳው ይወርዳል?
እንዲህ የሚጠይቅ አርቪድ ብቻ ነው፣
ጡረተኛው ዓሣ አጥማጅ፣ በነጋ በጠባ
የሚደውልላት፣ በሳሉ መሃል ቃል እያስገባ።

ዘንድሮ ግን ድምፁ ዝግ አለ፣
እንደ ሰረቀ ሰው ዙሪያውን ያየ መሰለ፦
«ካሪን፣ ልጄ፣ ልትመጣ ነው፤ ከሦስት ዓመት ኋላ።
በበዓሉ ማታ ገብታ፣ በማግስቱ ጠዋት ልትሄድ። አንድ ሌሊት ናት፤ የለም ሌላ።
ውሸት አይደለም ቬርና፣ ማጋነን ነው ትንሽ፤
‹መንገድ ይዘጋል› በይ። ምን ይጎድልብሽ?»

ዝም አለች።
የራዳሩን ሰሌዳ ደጋግማ አየች።
ለእሷ ሰማይ የአደራ ዕቃ ነው፤ አይቆረስም፣
ለወዳጅ አይጨመርም፣ ለባዳ አይቀነስም።
አንድ ጊዜ፣ በወጣትነቷ፣ ሰው ደስ ይበለው ብላ
ቁጥሩን አሳንሳ ነበር፣ ጥርጣሬዋን በሳቅ ከልላ።
ማንም አልሞተም።
ግን ከበረዶ ቁልል ውስጥ እስከ ንጋት የበራ
የዚያች መኪና መብራት ዛሬም አለ፣ ከእሷ ጋራ።

«ይቅርታህን አርቪድ፤ ደመና የለም። ገና ነው።»
«ገና ነዋ!» አለ ሽማግሌው፣ «ታዲያ የምለምንሽ ለምን ሆነና ነው?»
ስልኩን ዘጋ።

በበዓሉ ማታ፣ ከዜናው በኋላ፦
«ነፋስ ከደቡብ፣ ሰማይ ክፍት፣ መንገድ ደረቅ፤
በረዶ፣ አሥር ከመቶ። መልካም በዓል። እሳታችሁ ይሙቅ።»

ሀይቁ ግን ሬዲዮ የለው።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነፋሱ ዞረ፣ ማንም ሳያየው፤
ያልረጋው ውሃ ሽቅብ ተነፈሰ፣
ትንፋሹ ደመና ሆኖ ተመለሰ፣
ሳያንኳኳ ገባ፣ ኮቴ ሳያሰማ፣
መቶ ከመቶ፣ ከዳር እስከ ዳር ከተማ።

ዴልማር በጨለማ ወጣ፣ ቬርናን እየረገመ፤
ሚስቱ እንቁላሉን በዳቦ ጠቅልላ፣ በካልሲዋ ሮጣ፣
በመኪናው መስኮት አቀበለችው፤ ሳይወድ ሳቀ፣ ቆመ።
ሙሽራዋ በቦቲ ጫማ፣ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ
አለፈች። ጆሲ ብቻ
ከመንሸራተቻዋ ጋር የለችም፤ ከተራራው ጀርባ።

ቬርና ማይኩን አስጠጋች። «ተሳስቻለሁ» አለች።
ሀይቁን አልወቀሰች፣ ነፋሱን አልከሰሰች።
ስልኩ ይጮሃል። አንዱ ሰደባት። አንዱ
«ከእንግዲህ ጉልበቴን ነው የማምን፤
ሲቆረጥመኝ አይዋሽም» አለ።
የአርቪድ ሰዓት ግን አለፈ። ስልክ የለ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ደወለ።
ከጀርባው አካፋ ድንጋይ ይፍቃል፣
አንዲት ሴት ትስቃለች፣ ውሻ ይጮሃል።
«ቬርና፣» በሹክሹክታ፣ «ነገስ?»
አየች። ሰሌዳው ጥቁር፣ ባዶ፣ አንድ ነጥብ የለበት።
«ይጠራል፣ አርቪድ። ዘጠና ከመቶ።»
ሳለ። አካፋው ቆመ። ጥቂት ቆየና፦
«አሥሯ ትበቃኛለች፤
የትናንቷም አሥር ነበረች።»