የጣት ትርፍ

አራዳ ገበያ፣ ከሰልባጅ ተራ ኋላ፣
ሸራ እሰፋለሁ፣ ሥራ የለኝ ሌላ።
ስንቱን ሻንጣ አልብሼ መንገድ አስያዝኩት፣
የገዛ ኮቴን ክርን ሳልጥፈው የተውኩት።

ጎማ ያለው ሻንጣ ለጎንደር አይሆንም፤
ኮብልስቶን ላይ ሲንጋጋ አንድ ዳገት አይዘልቅም፤
ከፒያሳ ቁልቁል እንደ ፈረስ ጋልቦ፣
አውቶቡስ ተራ ሳይደርስ ጎማው ተሰልቦ።
እኔ ታዲያ ሸራ በልኩ ለክቼ፣
በጀርባው በኩል ሁለት ማንገቻ አውጥቼ፣
የሚጎተተውን የሚታዘል አደርጋለሁ፤
ዋስትና ቢጠይቁኝ ክሬን አሳያለሁ።
ሸራዬ የጭነት መኪና ልብስ የነበረ ነው፤
ገና ሰሊጥ ሰሊጥ ይሸታል፤ ዝናብ አይደፍረው።

አባቴ ማኅደር ሰፊ ነበር፣ በበሬ ቆዳ፤
ድጓውን ተማሪ አንግቶ እንዲያልፍ ዳገት ሜዳ።
መጽሐፉን ሲለካ በክንዱ፣ በስንዝሩ፣
አንዲት ጣት ይተዋል፣ ትርፍ፣ ከዳር ከዳሩ።
«መጽሐፍ ይተነፍሳል» ይለኝ ነበር፣ «ልጄ፤
ልኩን ብቻ ብሰጠው ይታነቃል በእጄ።»
እኔ ሻንጣ ይተንፍስ አይተንፍስ አላውቅም፤
ጣቷን ግን እተዋለሁ፤ እጄ ሌላ አይለምድም።
ደንበኛ ይቆጣል፦ «ሰፋ እኮ ይሄ ነገር!»
ሃምሳ ብር ያስቀንሳል በዚች ጣት ክርክር።

ጅግጅጋ የተመደበ ተማሪ ይመጣል፤
እናቱ በሶ ጠቅጥቃ ሻንጣው ተነፍቷል።
ሙሽራ ትመጣለች፣ ሮዝ ሸራ ትላለች፤
ሮዝ ሸራ የለኝም፤ አኩርፋ ትሄዳለች።

ሙጪት ግን በሰኔ፣ ሐሙስ፣ ዝናብ ሲያካፋ፣
ባዶ ሻንጣ ይዛ መጣች፣ ልብስ ልታሰፋ።
አነሳሁት፦ ቀላል። ገለበጥኩት፦ ባዶ።
አንድ ጎማ የለውም፣ እጀታው ተጎርዶ።
«እህቴ፣ ለባዶ ሻንጣ ማንገቻ ምን ያሻል?
በጣትሽ ብታንጠለጥዪው የትም ያደርስሻል።»
«ስሄድማ ቀላል ነው» አለች፣ ዝናቡን እያየች፤
«ስመለስ ነው።» ከዚያ ሌላ ቃል አልጨመረች።
ዋጋም አልተከራከረች። ይሄ ነው ያስፈራኝ።
ሳይከራከር የሚከፍል ሰው ጎንደር ላይ አልገጠመኝ።
ማንገቻውን ደርቤ በሦስት ክር ሰፋሁት፤
ትከሻዋን እንዳይቆርጥ፣
ከውስጡ ያሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ ከተትኩት።

ሐምሌ ሄደ፣ ነሐሴ ሄደ፣ አደይ ፈክቶ ታየ፤
በመስቀል ማግስት ዓይኔ የገዛ ስፌቴን ለየ።
በሰው ጀርባ ታዝሎ ዳገቱን ይወጣል፤
በሸራዬ ላይ ደግሞ የቆላ ጭቃ ለብሷል።
አወረደች። ተቀመጠች። ውሃ ሰጠኋት፤ ጠጣች።
«ማንገቻው ላልቷልና አጥብቅልኝ» አለች።

ማንገቻውን ላጠብቅ ዚፑን ብከፍት፣ መሃል፣
በሸራውና በሻንጣው፣ ቀጭን ደብተር ቆሟል።
ጠመኔ የነካው ስም መጥሪያ ነው፦ ሰባተኛ ለ፤
ከግንቦት ወዲህ ግን ምልክት አንድም የለ።

«ወንድሜ መምህር ነበር» አለች፤ «መጽሐፉ ሁሉ ገባ፤
ይቺን ግን ሻንጣው እምቢ አለኝ፤ ያኔ ሆዴ ባባ።
በጎን ብሞክራት፣ በሸራህ፣ ሰተት ብላ አለፈች፤
ቦታዋን እንደሚያውቅ ሰው ቀጥ ብላ ተቀመጠች።»

ጣቴን አየሁት። ምንም አላልኩ።
ማንገቻውን አጠበቅሁ፤ ክሩን በጥርሴ በጠስኩ።

«ስንት ልክፈል?»
«ሃምሳ።»
«ኧረ በገብርኤል! ሠላሳ!»

ደስ አለኝ። ተከራከርን፣ ጀምበር እስክትበርድ፤
በሠላሳ አምስት አሳዘልኳት፣ ወደ ቀሃ ስትወርድ።