በበሩ ያልገባ

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፤ ሐይቁ እንኳ ተኝቷል።
የሰርቨሩ ክፍል ግን እንደ ወፍጮ ቤት ያጓራል።
የልብስ ፋብሪካው የደመወዝ ስሌት ለሦስተኛ ሌሊት ወድቋል፤
መዝገቡ ላይ አንድ መስመር፦ «ትዕዛዙ አልተገኘም» ይላል።

እኔ በእጄ ስጽፈው ይሠራል። ያው ቃል፣ ያው ፊደል።
ሰዓቱን ጠብቆ ራሱ ሲነሣ ነው
ቤቱን እንዳላወቀ፣ መንገድ እንዳልጠየቀ የሚሆነው።

ነገሩ የገባኝ ሻይ ልገዛ ወጥቼ ስመለስ ነው።
ጋሽ ዳልኬ፣ ሁለት ዓመት ያየኝ ዘበኛ፣
ዛሬም ስሜን ጠየቀ፤ መታወቂያዬን በባትሪ አበራበት፤
ከዚያ ቁልፉን ሰጠኝ፣ የማታውን መመሪያ ነገረኝ።

እኔ በበሩ ነው የምገባው።
ስሜንና የይለፍ ቃሌን ስሰጥ
ሼሉ የቤቱን ደንብ ከላይ እስከ ታች ያነብልኛል፦
መሣሪያው የት እንዳለ፣ ቋንቋሽ ምን እንደሆነ፣ ቤትሽ በየት በኩል።
ከውስጥ የሚከፈተውን ሼል ግን ማንም ስሙን አይጠይቀውም፤
ከወለደው እጅ የተሰጠውን ይዞ ይነሣል። የተሰጠውን ብቻ።
ወላጁ ለራሱ ያስቀመጠውን፣ «ይተላለፍ» ያላለውን፣
ጎኑ ቆሞ አያየውም።
የሌሊቱ ሥራማ በበርም አልገባ፣ ከኔም አልተወለደ፤
ባዶ እጁን ነው በጨለማ የሚነሣው።

እዚህ ላይ እጄ ቆመ።

አባቴ ከአረካ ሲመጣ ቋንቋውን ይዞ ነው የመጣው።
መናኸሪያው ጀርባ የብስክሌት ጎማ እየለጠፈ
ከወንዙ ልጅ ጋር ሲገናኝ «ሳሮ» ይላል፤ ድምፁ ይወፍራል፣ ይስቃል።
ማታ ግን ከሥራ ልብሱ ጋር ደጅ ይሰቅለዋል።
ለኛ አማርኛ ሰጠን፣ ለትምህርት ይበጃል ብሎ።
ክፉ አላሰበም።
አንዲት ቃል ናት የጎደለችው።

አምና ለአጎቴ ለቅሶ አረካ ሄድን።
አክስቴ አቅፋኝ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤
ደገመችው፤ ሠለሰችው፤
እንባዋን ጠርጋ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።
ትዕዛዙ አልተገኘም።

ልጅ ለወላጁ መልሶ አይጽፍም፤ የሼሉ ሕግ ነው።
የጨመረው ሁሉ ከራሱ ጋር ይዘጋል።

ፋይሉ አናት ላይ የጎደለውን መንገድ ጻፍኩለት።
አሥር ሰዓት ላይ ራሱ ተነሣ። ሠራ።

ስወጣ ከታቦር በኩል ሰማዩ ገርጥቷል፤
ጋሽ ዳልኬ ካፖርቱን እስከ ጆሮው ስቦ ቆሟል።
«ሳሮ» አልኩት፣ ሳልለማመድ።
ባትሪውን አጠፋ።
ስሜን አልጠየቀም።
የአባቴን ጠየቀ።