ሁለት ችካል

ደብረ ሲና ጉም ነው፣ ጣርማ በር የለም ማዶ፤
እኔ ግን በስክሪን የዓለም ጫፍ በረዶ
እያየሁ አመሻለሁ፣ ከሰማይ የታየ፣
ራዳር ጉሙን አልፎ ስንጥቁን የለየ።

ሥራዬ ቀላል ነው፤ የዛሬን ከአምናው ጋር
ደርቦ ማስተያየት፣ የሄደውን መስፈር፤
በቀን ሁለት ሜትር፣ አንዳንዴ ሦስት ሜትር።
ከዚያ አንድ ማለዳ ገመስ ይላል ጫፉ፤
የአውራጃ ያህል ግግር ባሕር ላይ መንሳፈፉ
በቁጥር ይመዘገባል።

አከራዬ ጋሽ ይፍሩ ገቡ ሻይ ይዘው፤
«የተቀደደ ጋቢ ነው እንዴ የምታዪው?»
«በረዶ ነው» አልኳቸው፣ «ስንጥቁን እለካለሁ።»
ሳቅ አሉ። «ስንጥቅስ እኔም እለካለሁ።»

ባትሪ አብርተው ወጡ፤ ተከተልኩ በጭቃ፣
ከማሽላው በታች፣ እርከኑ ሲያበቃ
ሁለት የወይራ ችካል፣ መሐላቸው ስንጥቅ፣
ገመድ ላይ ቋጠሮ፣ ከወር ወር የሚርቅ።
«ይሄ የግንቦት ነው። ይሄ የሰኔ ማርያም።
ይሄኛው፣ እንጃ፣ ዝናብ እንኳ አልነበረም።»

ዝም አልን። ከአፈሩ ሥር ውኃ ይንሾካሾካል።
«ከበረዶውም ሥር» አልኩ፣ «ውኃ ነው የሚያንሸራትት፣ እንዲህ ይሄዳል።»

«መቼ ነው የሚወርድ?» አሉኝ ቀስ ብለው፤
የኔን ይሁን የሳቸውን፣ ሳይለዩልኝ ነው።
ቀን መናገር አልችል፤ የማውቀው ፍጥነቱን።
አርባ ሦስት ጣት ለካን፤ ጻፍኩት ርዝመቱን
በደብተሬ ኅዳግ።

አልጋዬን ያን ሌሊት
ከጓሮው ግድግዳ ወደ በሩ ወሰድኩት።