ስም ጠርቶ መውሰድ

መጀመሪያ የመጣው ደብዳቤ ነው፤
ከሃምቡርግ፣ ከጠበቃ ቢሮ፣ ሰላምታ የሌለው።
ሦስት መቶ አርባ ዩሮ ክፈይ ይላል፣ ለአንዲት ሽመላ፣
አንገቷን አስግጋ፣ እግሮቿን ወደ ኋላ
ዘርግታ ለምትበር።

ከመረብ ላይ አየኋት፣ ወደድኳት፣
«አስቀምጥ» የሚለውን ተጭኜ ወሰድኳት፣
በትምህርት ቤታችን መጽሔት ሽፋን ላይ አተምኳት።
ዐሥራ አንድ ተማሪ፣ ሠላሳ ቅጂ፣
ሰማይ ላይ ሲደርስ ቀለም የሚያልቅበት ማተሚያ፣
ደቡብ ኤስቶኒያ፣ የጥድ ጫካ መጨረሻ፤
ማን ያየኛል ብዬ?

ድንች የሰረቀ ልጅ ጥግ አቁሜ የምቆጣ እኔ፣
ሄልዩ፣ የሠላሳ ስምንት ዓመት መምህርት፣
በጡረታዬ ዋዜማ ሌባ ተባልኩ፣ ወይኔ።
ፎቶውን ያነሣውን ሰው ስም ያወቅኩት ያን ቀን ነው፣
ከክሱ ወረቀት ላይ፣ በደማቅ ፊደል ተጽፎ ሳየው።

ታኔል፣ የቤተ መጻሕፍቱ ልጅ፣ አነበበው፤ አልሳቀ።
(ማባዛት ያስተማርኩት ነው፣ ሰባት ሲባዛ በስምንት ላይ ሁሌ የወደቀ።)
ወንበር ሳበልኝ፤ ውጭ በረዶው ጭቃ እየሆነ ነበር፤
«ዕዳሽን ክፈይ» አለኝ፣ «ከዚያ እንማር።»

«በር ክፍት ነው ማለት ግቢ ማለት አይደለም፤
አጥር የሌለው ማሳ ሁሉ ባለቤት የለውም አይባልም።
ከሥር ተመልከቺ፣ በደቃቁ የተጻፈውን፣
በክብ ውስጥ የቆመውን ትንሽ ሰውዬ፣ እሱን፤
ስሜን ጥሩ ነው የሚለው። ገንዘብ ተሰርዞ ካየሽ
አትነግዱበት ነው። ቀስት ዞሮ ራሱን ሲከተል ካገኘሽ
እንደ ሰጠሁሽ ስጪ ነው። ምንም ከሌለበት ደግሞ፣
ዝምታ ፈቃድ አይደለም» አለኝ ደጋግሞ።

ምልክቶቹን ደብተሬ ላይ ሣልኳቸው፣ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ።
ትንሹ ሰውዬ ብርድ የሚመታው መሰለኝ፤
ኮፍያ ጨመርኩለት።

ኡኩ የሚባል ተማሪ አለኝ፣ ጥያቄው የማያልቅ፤
«በበረዶው ወራት ሽመላዎቹ የት ናቸው?» ሲለኝ «ደቡብ» የምል፣
«ደቡብ ምን ይመስላል?» ሲለኝ የማላውቅ።

ፈለግን። ማጣሪያውን ነፃ ፈቃድ ላይ አድርገን፣ ሦስት ማታ፤
ሕፃን በጨርቅ አንጠልጥላ የምትበር የካርድ ሽመላ፣
የቢራ ጠርሙስ ሽመላ፣ የፕላስቲክ ሽመላ ለአትክልት ቦታ።
በአራተኛው፣
ውሃ የተኛበት ሜዳ፣ ቻድ ውስጥ፣ ፀሐዩ ነሐስ የመሰለ፣
ቀንዳቸው የረዘመ ከብቶች፣ በየመካከላቸው ሽመላዎች፣
አንዷ እግሯ ላይ ቀለበት።
አጎላሁት፣ ደግሜ አጎላሁት፤
ቁጥሩ ወደ ነጠብጣብ ተበተነ።
የእኛ ናት አልልም።
ከሥሩ፦ ጂምቶላ።
አጠገቡ ትንሹ ሰውዬ።

ጠርዙን ቆርጬ ነበር፤ ታኔል «እሱም ይጻፍ» አለ።
ርዕሱ፣ ስሙ፣ ፈቃዱ፣ የተገኘበት፣ «ከጎን ተቆርጧል»፤
ጽሑፉ ከሽመላዋ እግር ረዘመ።
የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል፤
እኔ እንጃ።
ባለቤቱን ስም ጠርተው ካጠለቁት
ቢያንስ አንገት አያስደፋም።

ዐሥራ አንድ አፍ «ጂም-ቶ-ላ» አለ፤
ኡኩ ሁለት ጊዜ።

ዕዳውን በአራት ከፍዬ እየላክሁ ነው።
ሁለተኛውን በላክሁ ማግስት ሽመላዎቹ መጡ፣
ወተት ማጠራቀሚያው አጠገብ፣ የመብራት ምሰሶው ላይ ወጡ።
በስልኬ አነሣኋቸው፤
ሽቦ የአንዷን ምንቃር አቋርጦታል፣
የሌላዋ ክንፍ ከምስሉ ውጭ ቀርቷል።
ልሰጠው ተቀመጥኩ። ዝርዝሩ ወረደ፤ «የትኛውን ፈቃድ?»
ጣቴ ቆመ።
ስስት መሆኑን አወቅኩት፣
ለደበዘዘ ሽመላ እንኳ፣ ማንም ላይለምነኝ።
ከብዙ ቆይታ በኋላ ባለ ኮፍያውን ነካሁት።

እስከ ዛሬ ሁለት ሰው አይቶታል ይላል።
አንዱ ታኔል ነው።
ሌላው እኔ መሰለኝ።