ሰማንያ ሦስት ሰከንድ

በቅርያት ጋት ዳር፣ በክር ፋብሪካ ምድር ቤት፣
መስኮት በሌለው ክፍል፣ የማሽን ዘይት ሲሸት፣
አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነበር በኔ ኃላፊነት።

ፊቱ ጥቁር፣ ጽሕፈቱ አረንጓዴ፣ ጀርባው ጎብጦ የዋለ፣
ከፎቁ ትልቅ ማሽን ላይ በቀጭን ሽቦ የተንጠለጠለ።
ራሱ አያስብም፤ የላይኛው ያሰበውን ይጽፋል፤
እሱንም ቶሎ አይደለም፤ ፊደል በፊደል ይለቅማል፣
መስመሩ ሲሞላ ቆም ይላል፣ ገጹ እንደ ሸክም ይነሣል፣
አንድ ደረጃ ወደ ላይ፤ ደግሞ ሌላው ይጀምራል።

ጠዋት ጠዋት ዝርዝር ይመጣል፦ የዕለቱ መለዋወጫ፣
ብሎን፣ ቀበቶ፣ መዘውር፣ መርፌ፣ የክር መቁረጫ።
እኔ ግን ገጹ እስኪሞላ ቆሜ አልጠብቅም ነበር፤
“ብሎን” ሲል ወደ መደርደሪያው፤ በእጄ ይዤ ስዞር
“ቀበቶ” ብሎ ይቆየኛል፤ እንደ ጥማድ በሬ ባንድ ቀንበር
እግሬና የሱ ጽሕፈት ሲያዘግሙ ነበር።

ደግሞ አንድ ነውር ነበረበት፤ ለነሞሪስ ነው ነውሩ፤
የዕብራይስጡን ፊደል ገልብጦ ነው አደራደሩ፤
ከቀኝ መነሣት ሲገባው፣ ከግራ ነበር አጀማመሩ።
ብሎንን “ቦሬግ” ይሉታል፤ ሞሪስ ባይኑ ከቀኝ ገብቶ
“ግሮብ... ግሮብ ምንድን ነው?” ይላል፣ መነጽሩን ገፍቶ፣
ይስቃል፣ ይሳደባል፣ ይሄዳል ሻዩን ትቶ።

እኔ ግን፣
ሀ ሁን ከግራ የለየሁ፣ ባርባ ዓመቴ ኡልፓን የገባሁ፣
በየመስመሩ መጨረሻ መንገድ እንደ ሳተ ሰው የዞርኩ፣
ከልጄ ከኦሽራት ደብተር ላይ በጣቴ የተከተልኩ፣
እዚያ ምድር ቤት ብቻ፣ ፊደሉ በኔ በር መጣ፤ ሳልዞር አነበብኩ።
“ቦ።” ጠበቅኩ። “ሬ።” ጠበቅኩ። “ግ።”
ብሎን! ሣጥን ሦስት። ወሰድኩ።

ሞሪስ መጥቶ “ትዛዙ፣ እስቲ አንብብልኝ” ያለኝ ዕለት
ደረቴ ምን እንደሆነ ለሰው አልተናገርኩት።
በዕብራይስጥ የሚያልም ሰው፣ በዕብራይስጥ ሲቸግረው፣
እኔ፣ ባንክ ቤት ፎርም ሲሰጡኝ “መነጽሬን ረሳሁ” የምለው!

በክረምት ግሪሻ መጣ፣ ከፎቁ፣ ቀይ ጢም ያለው፣
ከሩሲያ የመጣ ልጅ፣ እሱም ገና አዲስ ገቢ ነው፤
በኪሱ ሦስት ዲስኬት፣ ባንገቱ የሩጫ ሰዓት ያንጠለጠለው።
“ሽቦውስ ደኅና ነው” አለ፣ “ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነው፤
ፊደሉን ነጥብ በነጥብ ይሥላል፤ ገጹን ከፍ ሊያደርግ ሲያምረው
ሙሉውን ደምስሶ ዳግም ይጽፋል፤ ማን ነው ይህን የሠራው?”
ሰዓቱን ተጫነ፣ ለቀቀ፤ ዝርዝሩ እንደ ልማዱ ወረደ፤
“ሰማንያ ሦስት ሰከንድ!” ራሱን ይዞ ተናደደ።
ዲስኬት አስገባ፣ አወጣ፣ አስገባ፤ አንድ ብርጭቆ ሻይ ፈጀበት።
ደግሞ ለቀቀ። ገጹ ብልጭ አለ። ሁለት ሰከንድ። አለቀለት።
ብሎኑም፣ ቀበቶውም፣ መርፌውም፣ ከቀኝ ተነሥተው ባንዴ ቆሙ።
ሞሪስ አጨበጨበ።
እኔም አጨበጨብኩ። ምን ላድርግ?

ከዚያ ወዲያ ሞሪስ ራሱ ያነብ ነበር፣ ቆሞ፣ ባንድ ትንፋሽ፤
እኔ ስሙን ሲጠራልኝ የምሄድ፣ ዕቃ አምጪ፣ ዕቃ መላሽ።

ግሪሻን ደጅ ላይ፣ ሲጋራ ሲለኩስ አገኘሁት፤
“ያን የድሮውን ፕሮግራም የት ጣልከው?” ብዬ ጠየቅኩት።
ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና፣ ፊቴን ትክ ብሎ አየ፤
“እኔም እኮ ከግራ ነኝ” አለ፣ አመዱን ሳያራግፍ ቆየ።
ዲስኬቱን ከኪሱ አወጣ፤ ላዩ ላይ በእርሳስ “ቀርፋፋው” ይላል።

ፋብሪካው ሲዘጋ ያን ኮምፒውተር ከቆሻሻ ገንዳ አነሣሁት፤
ዛሬ በረንዳዬ ላይ ነው፣ በላስቲክ ሸፍኜ ያኖርኩት።
ከፎቅ የሚያዝዘው የለም፤ ሽቦው ተቆርጦ ቀርቷል፤
እኔው የተየብኩለትን፣ እኔው ስጠብቀው ይጽፋል።
ትናንት የኦሽራት ልጅ አጎንብሳ መስታወቱን በጣቷ ነካች፤
“ሳባ፣ ተበላሽቷል፤ ቆሟል!” ብላ ወደኔ ዞረች።
“አልቆመም፤ እየመጣ ነው” አልኳት።
“ቦ” አለ።
“ሬ” አለ።
ልጅቱ ወንበር ስባ ተቀመጠች።