የሞቱ ዛፎች መዝገብ

በሳንቲያጎ ከተማ፣ አሥራ ስምንተኛ ፎቅ ላይ፣
ሣር እስል ነበረ፣ አንድ ቀን ሣር ሳላይ።
በኮምፒውተር መስኮት፣ ዝናብ ሳይነካው፣
አርባ ዓመት የሚያድግ ዛፍ ባንድ ጣት ስተክለው፣
ጥላ ስቀጥልለት፣ ሰው ስለጥፍበት፣
ፊኛ የያዘ ልጅ፣ ውሻ ከነሰንሰለት፤
እኩለ ሌሊት ላይ አለቃችን ብቅ ይልና
«ቤተሰብ ነን» ይላል፣ ፒዛ ያዝዝና።
ቤተሰብ! እናቴን ካየኋት ወር አልፎኝ
«ቤተሰብ» የሚለው ቃል እንደ አጥንት አነቀኝ።

ተውኩት አንድ ሰኞ። ጠረጴዛዬ ላይ የኖረው አበባ
ፕላስቲክ መሆኑን ያወቅኩት ያን ቀን ነው፣ ሳጥን ውስጥ ሲገባ።

ከዚያ ፍለጋ ሆነ።
አንዱ ቢሮ የኳስ መጫወቻ ጠረጴዛ አለው፣
ላዩ ግን አቧራ፤ የሚጫወት ማነው?
«ደመወዙ ጥቂት ነው፣ ስም ግን ታገኛለሽ» አለችኝ ሌላዪቱ፤
ስምስ አለኝ፤ «ሚያራይ» ብላኛለች እናቴ፣ ገና ከጥንቱ።
በሦስተኛው ደግሞ ሠራተኛው ሁሉ፣
በሩ ሲጥ ባለ ቁጥር፣ አንገት ይሰብራሉ።
የቢሮ ጠባይ ከበሩ ይታወቃል፤
ሳቅ ሰምተሽ ስትገቢ፣ ሳቁ ድንገት ሲቆም፣ ሆድ ነገሩን ያውቃል።

ሌሊቱን በአውቶቡስ ወደ ደቡብ ወረድኩ፤
ቫልዲቪያ ላይ ዝናብ ተቀበለኝ፣ ጃንጥላም አልያዝኩ።
ከዓሣ ገበያው ጥግ የባሕር አንበሳ
ተንጋሎ ያንኮራፋል፣ እንደ ጠገበ ዳኛ፣ ከሳሹን የረሳ።
ቢሮው ከጀልባ ጠጋኝ ቤት በላይ ነው፤ ደረጃው ሬንጅ ይሸታል፣
እያንዳንዱ ሳንቃ ሲረግጡት ያቃስታል፣ «ሰው መጣ» ይላል።
አምስት ጥንድ ቦቲ ደጃፉ ላይ ቆሟል፣ ጭቃ እንደለበሰ፤
አንደኛው የሕፃን ነው። ልቤ በዚያች ጫማ ትንሽ ተመለሰ።

ኢርምጋርድ ትባላለች። ጥፍሯ ሥር አፈር አለ፤
ሥዕሌን ሳትገልጥ ወንበር ሳበችልኝ፣ ምድጃው ዳር፣ እሳቱ እየተቀጣጠለ።
«ሽልማትሽን ተይው» አለች። «ይልቅ ንገሪኝ፣
የትኛውን ዛፍ ገደልሽ?»
ትንፋሽ አጠረኝ።

ዋሽቼ ልለፍ ብል፣ ምላሴ አልታዘዘም።
ነገርኳት፦ የገበያ አዳራሽ ደጅ፣ ስልሳ ማግኖሊያ፤ ካንዱ በቀር የጸደቀ የለም።
በበጋው ሐሩር ተከልን፣ ለምረቃው ይድረስ ተብሎ፤
ከፎቶው በኋላ ደረቀ፣ አንድ ባንድ፣ ሥሩ ሲሚንቶ ውስጥ በስሎ።
«ውኃ ያንሰዋል» ብዬ ነበር፤ ግን ቀስ ብዬ፣ ለራሴ፣
ስብሰባው ላይ እጄን ሳላወጣ፤ ይኸው ነው ክሴ።

አልመከረችኝም፤ አላጽናናችኝም። ከመደርደሪያው፣ ከመጻሕፍቱ ግርድብ፣
አወረደችልኝ አንድ እርጥበት ያበጠው ደብተር፦ «የሞቱ ዛፎች መዝገብ»።

«አራያን፣ አሥራ ሁለት። ነፋሱን ናቅኩት። ኢርምጋርድ።»
«ኮይጉዌ፣ ሦስት። ቦዩን አጥብቤ ሣልኩ። ፋቢዮላ።»
«አኻያ፣ አንድ። ፍየል በላችው። እኔ ምን ላድርግ? ቲቶ።»

ከየስሙ ጎን ቀን አለ፤ ከየቀኑ ጎን፣ በሌላ ሰው ጽሕፈት፣
«አብረን ሄደን አየነው፤ በሚቀጥለው ጉድጓዱን እናስፋለት።»
ማንም አልተባረረም፣ ስሙ እዚህ በመግባቱ፤
«የሚያሠጋንስ» አለች ፋቢዮላ፣ «አጥፍቶ የማያውቅ ነው፣ ንጹሕ ነኝ ባዩ፣ ከንቱ።»

ደመወዝ ጠየቅኩ። ቁጥሩን ነገረችኝ፣ ሳትሸራርፍ፤
ከሳንቲያጎው ያንሳል። የሁሉም ግድግዳው ላይ አለ፣ የሷም ጭምር፣ በትልቅ ጽሑፍ።
ጣሪያው ያፈስሳል፤ ማዘጋጃ ቤቱ ክፍያ ያዘገያል፤
ይህንንም ነገሩኝ ሳልጠይቅ። ጉዱን ያልደበቀ ቤት ደጉን መች ይሸሽጋል?

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ቲቶ መብራቱን አጠፋ፤ የኦስቫልዶ እጅ መስመሩ ላይ ቀረ፤
«ወንዙ ነገም አለ» አለው። ኦስቫልዶ አጉረመረመ፤ እርሳሱን ግን ሰደረ።
ሁሉም ቦቲውን አጠለቀ። ደረጃው «ሰው ሄደ» አለ።

እኔ ብቻ ተመለስኩ፣ ብዕር ለምኜ፤ ባዶ ገጽ አገኘሁ ከደብተሩ ጫፍ፦
«ማግኖሊያ፣ ሃምሳ ዘጠኝ። ዝም አልኩ። ሚያራይ።»
ከጎኑም ሰፊ ቦታ ተውኩ፣ ሌላ ሰው እንዲጽፍ።