ሜትር ከሃያ

ባለሱቁ ሽታሁን ሜትሩን መዘዘና፣
«ሜትር ከሃያ ነው፣ ወይስ ይሁን ዘጠና?»
አለኝ፤ ቀና ሳይል፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ።
ምን ያውቃል፣ ከየት ሰምቶ።

የሁለት ኩንታል በርበሬ ቡሬ ገበያ ሽጬ ነው የመጣሁ፤
አንዱን በጉልበቴ፣ አንዱን በመዳፌ ተጫንሁ፣ ለቀቅሁ።
«ያ ይሰምጣል» አለኝ፣ «ባመቱ እንጀራ ይሆናል፤
ይኼ ግን ድፍን ነው፣ ቢጫኑት ይመለሳል፤
ዐሥር ዓመት ዋስትና በማኅተም ይሰጣል።»
ዐሥር ዓመት ሲለኝ ሳቅሁኝ በሆዴ፤
ቄሱም አልጻፉልኝ ይህን ያህል አንዴ።

የፊተኛው የጥጥ ነበር።
ከመተከል በአህያ መጥቶ፣ አክስቴ ጥሩወርቅ
ዳምጣ፣ ነድፋ፣ አባዝታ፣ ፍሬው እስኪያልቅ፣
ባለመስመር ጨርቅ በጆንያ መርፌ ሰፍታ፣
በሠርጌ ዋዜማ፣ ለሙከራ፣ እሷው ቀድማኝ ተኝታ፣
«ይደላል» አለች፤ አንኮራፋች እስከ ማታ።

ጥጥ ግን ሥራ ነው፤ ይህን ማንም አይነግርሽ።
መስከረም ሲጠባ ስፌቱን ትፈቻለሽ፤
ቆርቆሮ ጣራ ላይ ወጥተሽ ታሰጫለሽ፤
በልምጭ እየገረፍሽ፣ ባቧራው ታስነጥሻለሽ።
እኔም በየሁለት ወሩ ግርጌውን ራስጌ፣
ለቁንጫው ከሥሩ ባሕር ዛፍ ጎዝጉዤ፣ ይህን ሁሉ አድርጌ፣
በእንየው በኩል ግን ጎድጓዳ ነው።
ምን ባዟዙረው፣ ምን ብነድፈው።
ወፍጮ ቤት ኩንታል ሲያወርድ ሲጭን ውሎ
ማታ እዚያው ይወድቃል፣ ዱቄቱን ሳያራግፍ፣ ሸክሙን ጥጡ ላይ ጥሎ።
እኔን ቀላሏን ደግሞ እንቅልፍ ሲጥለኝ
ቁልቁለቱ ነበር ወደሱ የሚወስደኝ።
ጥጡን ሳሰጣ ደግሞ ከመሰላሉ ሥር ቆሞ፣
«ዝናብ መጣልሽ!» ይለኛል፣ ሰማዩ ሳምንት ጠርቶ ከርሞ።

ከዚያ፣ ጥጡ በመጣበት መንገድ ሄደ።
ለአንድ መከር ብሎ ነው።
ዘንድሮ አራተኛው።
መጀመሪያ ስልክ፤ ቀጥሎ ሰላምታ በሹፌር፤
ኋላ ሹፌሩም ሲያየኝ መንገዱን ይቀይር ጀመር።
እኔ ግን መስከረም በመጣ ቁጥር ጣራ ላይ ወጥቼ
ጥጡን አሰጣለሁ፣ ያን ጉድጓድ ብቻ ሳልነካው ትቼ።

ሽታሁን ጠበቀኝ። ዘጠና ርካሽ ነው፣ ለብቻ ይበቃል፤
ሜትር ከሃያ ካልሁ ሰፈሩ ይጠይቃል።
«ሜትር ከሃያ» አልሁት።
«ሁለት ናችሁ?» አለኝ።
«እገላበጣለሁ» አልሁት።

«ማስጣት የለ፣ መንደፍ የለ፤ ላስቲኩን ብቻ አውልቂው፤
ውሃ አታስነኪው፣ ከእሳት አርቂው፤
በወር አንዴ አገላብጪው፤ አለቀ» አለኝ ሽታሁን።
መስከረም ሲጠባ እንግዲህ እኔ ጣራ ላይ ምን ልሁን?

ባጃጅ ጣራ ላይ በሲባጎ ታስሮ፣
በመናኸሪያ በኩል፣ ሰው ሁሉ አንገቱን አዙሮ፣
እንደ ሙሽራ ገባ።

አሮጌውን ፈታሁ፤ ጠጥሯል፣ ጓጉሏል፤
ከጉድጓዱ መሃል የሸሚዝ ቁልፍ ወድቋል።
ደህናው ጥጥ ሁለት ትራስ ወጣው፤
የሱን በኩል ለወፍጮ ቤቱ አህያ ሰጠሁ፤ ደላው።
ጎረቤቴ መሪጌታ ላቀው ጨርቁን ደጅ ላይ አይተው፣
«ፍራሽ የሚለው ቃል ኅብር ነው» አሉና ቆመው፣
ሰሙን፣ «መኝታ ነው» ብለው ነገሩኝ፤
ወርቁን ሳይነግሩኝ
ገቡ።

አዲሱ ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል፤
ላስቲኩን አልገፈፍሁም፤ ስተነፍስ ይንኮሻኮሻል።
ትናንት ማታ ተኛሁበት።
ሌሊት፣ በእንቅልፍ ልቤ፣ እንደ ልማዴ ልንሸራተት
ተገላበጥሁ፤
ቁልቁለቱ የለም።
መሃል ሜዳ ላይ ነቃሁ።